ማይሉ እያለ ወንበሩ ሲጠፋ፦ ቢዝነስና ፈርስት ክላስ በማይል እንዴት ይገኛል?

100,000 ማይል፣ ማለትም አየር መንገድ ለደንበኛው የሚሰጠውን የሽልማት ነጥብ፣ አጠራቅሞ ቢዝነስ ክላስ ሲፈልግ ወይ «ቦታ የለም» የሚል መልስ ወይ የ300,000 ማይል ዋጋ የሚመጣበት ሰው፣ ነገሩ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። ማይሉ እውነተኛ ነው፤ ወንበሩም አውሮፕላኑ ላይ አለ። የጠፋው አየር መንገዱ በማይል እንዲያዝ የፈቀደው ወንበር ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ቀኑን ይቆርጣል፣ የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ነጥቡን ከባንክ ወደ አየር መንገድ ያዛውራል፣ ወንበሩን የሚፈልገው ግን መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ የተጻፈው በተቃራኒው ነው፦ ወንበሩ ይቀድማል፣ ማይሉ ይከተላል።

ወንበሩ ለምን ይጠፋል?

አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 እ.ኤ.አ. አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ባዶውን የሚበር ወንበር ገቢ አያስገባም፤ ለታማኝ ደንበኛ ቢሸለም ግን አየር መንገዱን የሚያስወጣው ጥቂት ነው። ዛሬም ስሌቱ ያው ነው። ልዩነቱ ማይል ከበረራ ብቻ ሳይሆን ከባንክ ካርድና ከሆቴልም ስለሚገኝ ተሻሚው እጅግ መብዛቱ ነው። ወንበሩ ግን አልበዛም።

በየአየር መንገዱ ገቢን የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ሥራው አንድ በረራ ከመነሳቱ ከወራት በፊት ጀምሮ ስንት ወንበር በስንት ዋጋ እንደሚሸጥ መገመት ነው። ሳይሸጡ ይቀራሉ ብሎ የገመታቸውን ጥቂት ወንበሮች ብቻ ለማይል ይለቃል። ግምቱ በየጊዜው ስለሚታረም ትናንት ያልነበረ ወንበር ዛሬ ሊወጣ፣ ጠዋት የነበረው ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። በስልክ የሚያነጋግሩት ሠራተኛ ይህን ቁጥር የመቀየር ሥልጣን የለውም። «አውሮፕላኑ ባዶ ነው እኮ!» ብሎ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው።

የገቢ ክፍሉ የወሰነው በፊደል ይታያል። ስታር አሊያንስ በተባለው የአየር መንገዶች ጥምረት ውስጥ አጋር አየር መንገዶች ለማይል የሚለቁት ወንበር ለቢዝነስ «አይ» (I)፣ ለፈርስት «ኦ» (O)፣ ለኢኮኖሚ «ኤክስ» (X) በሚል ፊደል ይመዘገባል። ኤክስፐርትፍላየርን የመሰለ የበረራ ወንበር መፈለጊያ ድረ ገጽ ሲከፍቱ የአንድ በረራ ቢዝነስ ክላስ ለምሳሌ እንዲህ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ፦ ጄ9 ሲ9 ዲ9 ዜድ6 ፒ2 አይ0። ከጄ እስከ ፒ ያሉት በገንዘብ የሚሸጡ ናቸው፤ ከውዱ ወደ ርካሹ። 9 ማለት ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው አይ0 ደግሞ ለማይል የተፈቀደ ምንም የለም ማለት ነው። ይህ መስመር ብዙ ይናገራል። በረራው አንድ ሳምንት ቀርቶት ሁሉም ፊደል ዘጠኝ ዘጠኝ የሚያሳይ ከሆነ አይ ሊከፈት የሚችልበት ዕድል ስላለ በየቀኑ መከታተል ተገቢ ነው። ጄ2 ብቻ ቀርቶ ሌላው ሁሉ ዜሮ ከሆነ ግን ያንን ቀን ትተው ሌላ ይፈልጉ።

ተለዋዋጭ ዋጋና ቋሚ ሠንጠረዥ

ዴልታ ቋሚ የማይል ዋጋ ሠንጠረዡን በ2015 አነሳ፤ የኤር ፍራንስና የኬኤልኤም ፍላይንግ ብሉ በ2018፣ ዩናይትድ በ2019 ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ፕሮግራሞች አንድ ወንበር ዛሬ 60,000፣ ነገ 220,000 ማይል ሊጠየቅበት ይችላል። ጀማሪውን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ድረ ገጹ «ቦታ አለ» ይላል፤ ነገር ግን እየሸጠ ያለው የገንዘቡን ዋጋ በማይል ተርጉሞ ነው። እዚህ የምንፈልገው ወንበር ያ አይደለም፤ በዝቅተኛው ዋጋ የተለቀቀውን፣ ለአጋሮችም የሚታየውን ነው።

አጋርነት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የሉፍታንዛ ቢዝነስ ወንበር «አይ» ላይ ከተለቀቀ በሉፍታንዛ ማይል ብቻ ሳይሆን በዩናይትድ፣ በኤር ካናዳው «ኤሮፕላን» ፕሮግራም፣ በአቪያንካ ላይፍማይልስ፣ በጃፓኑ ኤኤንኤ፣ በሲንጋፖር ክሪስፍላየርና በተርኪሽ ማይልስ ኤንድ ስማይልስ ሊያዝ ይችላል። ወንበሩ አንድ ነው፤ የሚጠየቀው ማይልና ታክስ ግን ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ስለዚህ «በሉፍታንዛ መብረር እፈልጋለሁ፣ የሉፍታንዛ ማይል ግን የለኝም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ጥያቄው ያለዎት ማይል በየትኛው ጥምረት ውስጥ ያለ ነው የሚለው ነው፦ ስታር አሊያንስ፣ ዋንወርልድ ወይስ ስካይቲም። አባልነት እንደሚቀያየርም አይዘንጉ፤ ኤስኤኤስ ስታር አሊያንስን ከመሠረቱት አምስቱ አንዱ ሆኖ ሳለ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወደ ስካይቲም ዞሯል።

መቼ ይከፈታል?

የሽልማት ወንበር በብዛት የሚገኝባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ፤ መካከሉ ደረቅ ነው።

የመጀመሪያው የበረራ ሰሌዳው ለሽያጭ የሚከፈትበት ቀን ነው። ይህ ቀን ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያል፦ አሜሪካን ኤርላይንስ ከበረራው 331 ቀን በፊት፣ ዩናይትድ 337፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስና ኤኤንኤ 355፣ ካቴይ ፓሲፊክና ጃፓን ኤርላይንስ 360 ቀን በፊት። ቁጥሮቹ ዝም ብለው የተደረደሩ አይደሉም። ኤኤንኤን በዩናይትድ ማይል ሊይዙ ቢያስቡ የኤኤንኤ አባላት ከእርስዎ 18 ቀን ቀድመው ገብተዋል። ሁለት ወንበር ብቻ ተለቆ ከነበረ እርስዎ ሲደርሱ አልቋል። ለተፈላጊ መስመር ቀድሞ የሚከፍት ፕሮግራም ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሰሌዳው ሲከፈት ቢያንስ የተወሰነ ብዛት ያለው የሽልማት ወንበር እንደሚለቅ ቃል ስለሚገባ፣ በግሪንዊች (ጂኤምቲ) ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ዕድሉ ጥሩ ነው።

አንድ ችግር አለ፤ የመሄጃው ቀን ሲከፈት የመመለሻው ገና ነው። መፍትሔው መሄጃውን ብቻውን መያዝ፣ መመለሻውን ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ለይቶ መያዝ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች አንድ አቅጣጫን በደርሶ መልስ ዋጋ ግማሽ ስለሚያስከፍሉ በዚህ የሚጎድል ነገር የለም።

ሁለተኛው ወቅት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ያኔ ገቢ ክፍሉ ግምቱን ይጨርስና የተረፈውን ይለቃል፤ አንዳንዴ በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንዳንዴም በዋዜማው። ለአንድ ሰው በጣም ይመቻል፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ ግን በዚህ ላይ መተማመን አይመከርም።

ሁለቱን ወቅቶች ማጣመር የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ እኛም ከሁሉ የምንመርጠው ይህን ነው። አስቀድመው ሊያገኙ የሚችሉትን ይያዙ፤ ኢኮኖሚም ይሁን ፕሪሚየም ኢኮኖሚ፣ ሲሰረዝ ማይሉ ያለ ቅጣት ወይም በትንሽ ቅጣት ከሚመለስበት ፕሮግራም ይሁን። በዩናይትድ ለምሳሌ መደበኛ የሽልማት ትኬት ከበረራው በፊት ሲሰረዝ ማይሉ በአብዛኛው ሳይቆረጥ ይመለሳል። ከዚያ በመጨረሻዎቹ 14 ቀናት ቢዝነሱን ጠዋትና ማታ ይፈልጉ። ከተገኘ አዲሱን ይዘው የትኬት ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ብቻ አሮጌውን ይሰርዙ። ካልተገኘም ጉዞው አልተበላሸም።

አፈላለጉ

ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ፣ ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ ብሎ መፈለግ «የለም» የሚል መልስ ለማግኘት የተመቸ ዘዴ ነው። ፍለጋው በሚከተለው መልክ ይሁን።

መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ረጅሙን በረራ ብቻ ለይተው ይፈልጉ። ከቺካጎ በፍራንክፈርት አድርገው አቴንስ የሚሄዱ ከሆነ ከቺካጎ ፍራንክፈርት ያለውን ብቻ ይጠይቁ። ውቅያኖስ የሚሻገረው ያ ነው፤ ተኝተው የሚሄዱበትም ያ ነው። የሦስት ሰዓቱን ቅጥያ በኢኮኖሚ መሄድ ማንንም አይጎዳም። ረጅሙ ከተገኘ ቅጥያው ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ በተገላቢጦሽ ግን አይሠራም።

ቀጥሎ መነሻና መድረሻውን ያስፉ። ወደ መካከለኛው አውሮፓ የሚሄድ ሰው ፍራንክፈርትን ብቻ ከፈለገ አንድ በር ነው ያንኳኳው። ሙኒክ፣ ዙሪክ፣ ቪየና፣ ብራስልስ ሲጨመሩ አምስት በር ይሆናል፤ ሁሉም በሉፍታንዛ ቡድን አየር መንገዶች የሚሸፈኑ ናቸው። በሌላው ጫፍም ሦስት ከተማ ከተያዘ 15 ጥንድ መስመር ተፈጠረ፤ በሳምንት ሰባት ቀን ሲባዛ 105 ዕድል ነው። አንድ ቀንና አንድ መስመር ይዞ የሚፈልግ ሰው ያለው ዕድል አንድ ነው። ይህን ያህል ፍለጋ በእጅ ስለሚያደክም ሲትስ ዶት ኤሮ ወይም ፖይንት ዶት ሚ የመሰሉ መፈለጊያዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ቀን ወይም ብዙ ፕሮግራም ያሳያሉ። ውጤታቸው ግን ሰዓታት ያለፈበት ሊሆን ስለሚችል እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይወሰድ።

ሦስተኛው የሰው ቁጥር ነው። ለሁለት ሲፈልጉ «የለም» ከተባለ ለአንድ ይሞክሩ። አንድ ወንበር ብቻ ካለ አንዱ ሰው በዚያ ይያዝለት፤ ሌላው በማግስቱ ወይም በሌላ መስመር ይሂድ፤ ወይም በዚያው በረራ ኢኮኖሚ ይዞ ሁለተኛ ወንበር እስኪለቀቅ ይጠብቅ። ለአራት ሰው በአንድ በረራ አራት የቢዝነስ ወንበር መጠበቅ፣ ሰሌዳው በተከፈተበት ቀን ካልሆነ፣ ብዙም ተስፋ የለውም። ሁለት ሁለት ሆኖ መከፈል የተሻለ ነው።

ቀን ሲመርጡ ቢዝነስ ክላስን የሚሞሉት በአመዛኙ ለሥራ የሚጓዙ ሰዎች መሆናቸውን ያስታውሱ። ሰኞ ጠዋት፣ ሐሙስና አርብ ማታ የሥራ ተጓዥ በሚበዛባቸው መስመሮች ላይ ይጨናነቃል፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ይላላል።

የተቆለፉ በሮች

በማይል ይገኛል ተብሎ የሚወራለት ሁሉ ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ ወራት ከማባከን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ሲንጋፖር ኤርላይንስ የረጅም በረራ ቢዝነሱን፣ ፈርስቱንና «ስዊት» የሚባለውን የግል ክፍል ለአጋር ፕሮግራሞች በተለምዶ አይለቅም፤ የሚፈልግ ሰው የራሱን የክሪስፍላየር ማይል መያዝ አለበት። በምላሹ ክሪስፍላየር ተራ መጠበቂያ መዝገብ አለው፤ ወንበር ሲለቀቅ በኢሜይል ያሳውቃል። የስዊስ ፈርስት ክላስ የሉፍታንዛ ቡድን ፕሮግራም በሆነው በማይልስ ኤንድ ሞር ከፍተኛ ደረጃ ላላቸው አባላት የተጠበቀ ነው። ኤምሬትስም ከ2025 ጀምሮ ፈርስት ክላስን በማይል የሚሰጠው ከሲልቨር ደረጃ ጀምሮ ላሉ የስካይዋርድስ አባላቱ ነው። ለእነዚህ ተራ አባል ሆኖ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ሌላው መቆለፊያ ተጓዡ ማን ነው የሚለው ነው። ኤኤንኤ የሽልማት ትኬት ከአባሉ ውጭ የሚሰጠው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ለሚቆጠር የቤተሰብ ዝምድና ብቻ ነው፤ ለጓደኛ አይሆንም። ክሪስፍላየር አስቀድመው ከሚመዘግቧቸው የተወሰኑ ስሞች ውጭ አይፈቅድም። ማይል ከማዛወርዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ፤ ከተዛወረ በኋላ መመለሻ የለውም።

የታየው ወንበር በእውን አለ?

ድረ ገጹ የሚያሳየው፣ ሊይዙት ሲሉ ግን «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ወንበር አለ። አጋር አየር መንገዶች መረጃ የሚለዋወጡት በመካከላቸው ባለ የኮምፒውተር መስመር ነው፤ አንዱ ከሸጠ በኋላ የሌላው ማኅደር ሳይታደስ ሲቀር የሌለ ወንበር እንዳለ ይታያል። ስለዚህ ማንኛውም ወንበር ቢያንስ በሁለት ቦታ ይረጋገጥ። ለስታር አሊያንስ በዩናይትድና በኤሮፕላን፣ ለዋንወርልድ በአሜሪካንና በብሪቲሽ ኤርዌይስ ወይም በኳንታስ ድረ ገጽ ያመሳክሩ። በሁለቱም ከታየ እስከ ክፍያ ገጹ ድረስ ይግፉት፤ የተጓዥ ስምና የካርድ ቁጥር እስከሚጠየቅበት ገጽ ያለ ስህተት ከደረሰ በአብዛኛው እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የተደባለቀ ክላስ ነው። ድረ ገጹ ጉዞውን «ቢዝነስ» ብሎ ያሳያል፤ ዝርዝሩን ሲከፍቱ ግን የአንድ ሰዓቱ በረራ ቢዝነስ፣ የአሥር ሰዓቱ ኢኮኖሚ ሆኖ ይገኛል፤ የተጠየቀው ማይል ግን የቢዝነስ ነው። የእያንዳንዱን በረራ ፊደል ሳያዩ አይክፈሉ። ረጅሙ ላይ «አይ» መኖር አለበት። «ኤክስ» ካለ ኢኮኖሚ ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ግራ ያጋባል። ፍራንክፈርት ድረስ ብቻውን ሲፈለግ ወንበር አለ፤ ከፍራንክፈርት አቴንስም አለ፤ አንድ ላይ ሲጠየቅ ግን ይጠፋል። ወይም ተለያይተው የሉም፣ አንድ ላይ ይገኛሉ። ይህ ስህተት አይደለም። አየር መንገዱ የሚወስነው ለሙሉ ጉዞው እንጂ ለቁራጩ ስላልሆነ በረራዎቹን አጋብቶ ነው የሚለቃቸው። መፍትሔው የቅጥያውን ሰዓት መቀየር፣ በሌላ ከተማ መዞር፣ ወይም ቅጥያውን በሌላ አየር መንገድ መሞከር ነው።

ማይል ሲቀንስ ገንዘብ ሲጨምር

የሽልማት ትኬት በነፃ አይደለም። የአየር ማረፊያና የመንግሥት ታክስ የትም ይከፈላል። ከዚያ በላይ ግን አየር መንገዶች ራሳቸው የሚጥሉት፣ በትኬቱ ላይ «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» ተብሎ የሚጻፍ ጭማሪ አለ፤ መነሻው የነዳጅ ጭማሪ ነበር። በቢዝነስ ክላስ በመቶዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል። ዩናይትድ፣ ኤሮፕላንና ላይፍማይልስ ይህን ጭማሪ ወደ ተጓዡ አያስተላልፉም። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በራሱ ረጅም በረራ ላይ፣ ማይልስ ኤንድ ሞር ደግሞ በሉፍታንዛ ላይ ያስከፍላሉ።

እንዲህ ይሰላል። አንድ ወንበር በአንድ ፕሮግራም 70,000 ማይልና 150 ዶላር፣ በሌላው 50,000 ማይልና 900 ዶላር ተጠየቀበት እንበል። ሁለተኛው በማይል ይረክሳል። ልዩነቱ 20,000 ማይል በ750 ዶላር ነው፤ አንዱን ማይል በ3.75 ሳንቲም መግዛት ማለት ነው። ማይልዎን በ1.5 ሳንቲም ቢተምኑት 20,000 ማይል 300 ዶላር ነው። የመጀመሪያው በ450 ዶላር ይሻላል። ብዙ ሰው የማይሉን ቁጥር ብቻ አይቶ ሁለተኛውን ይመርጣል።

«የ5,000 ዶላር ወንበር በማይል አገኘሁ» የሚለውን ስሌትም አናበረታታም። በገንዘብ 5,000 ከፍለው የማይገዙት ከሆነ ያተረፉት 5,000 አይደለም። ትክክለኛው ንጽጽር ማይሉ ባይኖር ኖሮ ከኪስዎ አውጥተው ሊከፍሉ ይችሉ ከነበረው ዋጋ ጋር ነው።

ማዛወርና ትኬት ማስቆረጥ

ነጥቡን ከባንክ ወይም ከሆቴል ወደ አየር መንገድ የሚያዛውሩት አሁን ነው፤ ከዚህ ቀደም ብሎ አይደለም። የተዛወረ ነጥብ አይመለስም። የሚፈጀው ጊዜም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ በደቂቃ ይገባል፣ አንዳንዱ ሁለት ቀን ይወስዳል፣ ከሆቴል ሲሆን ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ማሪዮት ቦንቮይ ለምሳሌ ሦስት ነጥብን በአንድ ማይል ይለውጣል፤ 60,000 ነጥብ በአንድ ጊዜ ሲዛወር ለአብዛኞቹ አየር መንገዶች 5,000 ተጨማሪ ማይል ስለሚሰጥ 25,000 ይሆናል። ስለዚህ 40,000 አዛውሮ በኋላ 20,000 መጨመር የጉርሻውን 5,000 ያስቀራል።

ዝውውሩ ቀን የሚፈጅ ከሆነ ወንበሩን ማስያዝ የሚቻል መሆኑን በስልክ ይጠይቁ። ከመደወልዎ በፊት ወረቀት ላይ ይህን ይጻፉ፦ ቀን፣ የበረራ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ፣ ክላስ፣ የፊደሉ ኮድ፣ የሰው ብዛት። አነጋገሩም አጭር ይሁን፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ የበረራ ቁጥር፣ በአይ ክላስ አንድ ወንበር ይታይዎታል? ዛሬ ሊያዝልኝ ይችላል? ለስንት ሰዓት?» «በቢዝነስ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ምን አለ?» ብሎ ከጠየቁ ሠራተኛው በራሱ ስክሪን መጀመሪያ የመጣለትን ውጤት ብቻ ነው የሚነግርዎት። አጋር በረራዎችን እርስዎ በቁጥር ካልጠሩለት ላይፈልጋቸው ይችላል። አንዱ «የለም» ካለ አመስግነው ስልኩን ይዝጉና ደግመው ይደውሉ፤ ሁሉም እኩል የሰለጠኑ አይደሉም።

የማይል ሒሳቡ ስም፣ የባንኩ ስምና የፓስፖርቱ ስም አንድ ዓይነት ፊደል ይኑራቸው። የአባት ስም በአንዱ ላይ የአያት ስም ቦታ ተጽፎ ከሆነ ዝውውሩ ይቆማል፤ እስኪስተካከል ድረስ ወንበሩ ይሄዳል። አካውንቱንም ቢያንስ ጥቂት ሳምንት አስቀድመው ይክፈቱ፤ አዲስ አካውንት ላይ የማጭበርበር መቆጣጠሪያ ዝውውርን የሚያግድበት ጊዜ አለ።

ከተከፈለ በኋላ

ክፍያው አለፈ ማለት ትኬት ተቆረጠ ማለት አይደለም። የማረጋገጫ ኢሜይሉ ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቡኪንግ ኮድ ይኖራል፤ ያ ምዝገባ እንጂ ትኬት አይደለም። ትኬት ማለት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ትኬቱን የቆረጠውን አየር መንገድ ይገልጻሉ፤ 016 ዩናይትድ፣ 014 ኤር ካናዳ፣ 618 ሲንጋፖር። ይህ ቁጥር በ24 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ይደውሉ። በአጋር የሚበሩ ከሆነ የሚያበረው አየር መንገድ የራሱ ሁለተኛ የቡኪንግ ኮድ አለው፤ ጠይቀው ይቀበሉት። በዚያ ኮድ በራሱ ድረ ገጽ ገብተው የበረራው ሁኔታ «ኤችኬ» መሆኑን ያረጋግጡ፤ ተረጋግጧል ማለት ነው። «ኤችኤል» ካለ ተራ ጥበቃ ላይ ነዎት። ወንበርና ምግብም በዚሁ ይምረጡ።

ከዚያ እስከ በረራው ድረስ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ገብተው ይዩ። ከዓመት በፊት የተያዘ በረራ ሰዓቱ መቀየሩ የተለመደ ነው። ለውጡ ቅጥያውን የሚያስመልጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚደውሉት ማይሉን ለወሰደው ፕሮግራም ነው፤ ትኬቱ የእሱ ነው። ምን እንደሚፈልጉ በበረራ ቁጥር ለይተው ይዘው ይደውሉ፤ በተለይ በዚያው አየር መንገድ ሌላ በረራ ሲሆን ይሳካል።

በእቅፍ የሚሄድ ሕፃን ካለ ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሰዎች የሚደነግጡበት ቦታ ይህ ነው። ዩናይትድ በዓለም አቀፍ በረራ ለእቅፍ ሕፃን የአዋቂውን የገንዘብ ዋጋ 10 በመቶ ይጠይቃል፤ ወላጁ ቢዝነስ ላይ ከሆነ የቢዝነሱ 10 በመቶ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ የማይሉን 10 በመቶ፣ ኤሮፕላን 25 የካናዳ ዶላር ወይም 2,500 ነጥብ ይወስዳሉ። ሕፃን ላለው ቤተሰብ የፕሮግራም ምርጫው በዚህ ብቻ ሊወሰን ይችላል።

የሽልማቱ በረራ ከሌላ ከተማ የሚነሳ ሆኖ እዚያ ለመድረስ ለብቻው ትኬት ከገዙ ሁለቱ ትኬቶች አይተዋወቁም። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አልመጡም ብሎ የቀረውን ጉዞ በሙሉ ይሰርዛል። ሻንጣም ብዙ ጊዜ ወጥቶ እንደገና መመዝገብ አለበት። በአንድ ቀን ማገናኘት ትተው አንድ ሌሊት እዚያው ማደር የሆቴል ወጪ ያስወጣል፤ የጠፋ የቢዝነስ ወንበር ግን በዚያ ሳምንት ተመልሶ አይገኝም።

በመጨረሻ አውሮፕላን ተቀይሮ ወደ ኢኮኖሚ ዝቅ ቢደረጉስ? ከአውሮፓ ኅብረት አየር ማረፊያ የሚነሳ፣ ወይም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ የሚገባ በረራ ከሆነ ደንብ ቁጥር 261/2004 በማይል ለተያዘ ትኬትም ይሠራል። ከትኬቱ ዋጋ የሚመለሰው እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 30 በመቶ፣ በኅብረቱ ውስጥ ከዚያ ለሚበልጥና በሌላው እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር 50 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 75 በመቶ ነው፤ በሰባት ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። በሩ ላይ አዲስ የመሳፈሪያ ካርድ ሲሰጥዎት አሮጌውን አይመልሱ፤ የሁለቱንም ፎቶ ያንሱ። ዝቅ ያሉት በራስዎ ፈቃድ እንዳልሆነ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ከሠራተኛው ይቀበሉ፤ ጥያቄውንም ላበረረው አየር መንገድ በጽሑፍ ያቅርቡ።